ቁልፉ አልደረሰንም

አማቴ ሰው አያምኑም። ይህን የምለው ላማቸው ፈልጌ አይደለም፤ ራሳቸውም ቢጠየቁ አይክዱም። ሃያ ዓመት ሙሉ እሳቸው ዘንድ ልብስ ያሰፋ ደንበኛ እንኳ ሲመጣ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንደ አዲስ ይለኩታል። «ጋሼ፣ ልኬ እኮ ደብተርዎ ላይ ተጽፏል» ሲላቸው፣ «ሆድህ ደብተር አያነብም፤ ቀጥ ብለህ ቁም» ይሉታል። ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክከው ሲጸልዩ እንኳ ጫፉ ከኮታቸው ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ያላቸው በዚህ ነው።

እኔ የልጃቸው ሚስት ነኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ አምስቱንም ቀን ከአባቱ ጋር ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ነኝ። ከባሌ ሳቅ ይልቅ የአባቱን ሳል ለምጄዋለሁ። ቤቷ መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እዘመዝማለሁ። ከእኔ በፊት ይህ ሥራ የባለቤታቸው ነበር። እማማ እላቸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከብዙ ዓመት በፊት ከመካከላችን አንዲት ነርስ ለወንጌል ሥራ ባሕር ማዶ ልካለች። ያለችበት አገር ብርድ ነው። አንዲት ክሊኒክና አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች። ገና በደረሰ ቁጥር ምእመኑ ለእሷ ሥራ የሚችለውን ይሰጣል። እማማ ጠዋት ጠዋት መርፌያቸው ላይ ክር ከማስገባታቸው በፊት የነርሷን ስም ጠርተው ይጸልዩ ነበር። ጋሽ ሜትር ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጠው፣ «ባለፈው ዓመት የሰጠነው መድረሱን ማን አየ?» ይላሉ።

«እግዚአብሔር አየ» ይሏቸዋል እማማ።

«እሱማ የወሰደውንም ሰው አይቷል።»

ይህ አመል እንዲሁ ከሰማይ አልወረደባቸውም። በወጣትነታቸው ጎርፍ ለጎዳቸው ሰዎች ብለው አንድ ጥሩ ካፖርት ሰፍተው ሰጡ። በወሩ ገበያ ውስጥ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሎ ሲሸጥ አገኙት። «የራሴ ስፌት ሊጠፋኝ ነው?» ይላሉ እስካሁን ሲያወሩት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ እንዲሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እሳቸው ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ኮርቻውንም፣ ሣር ያበላውንም ሰው ይጠረጥራሉ።

እማማ የሞቱ ዓመት ግን ጉድ ተሰማ። ለባሕር ማዶው ሥራ የሚላከው ነገር በስብሰባ ሲነገር ጋሽ ሜትር ብድግ ብለው፣ «ለነርሷ ተማሪዎች አርባ የልጅ ካፖርት እኔ እሰፋለሁ» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላዬ አንዷ ሴትዮ፣ «ታመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልታመሙም፤ እማማን ናፍቀው ነው። ይህን በአፋቸው አልነገሩኝም፤ ግን የእማማን የብስኩት ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ሲያወርዱ አይቻለሁ። እማማ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ቁልፍ ነበር በውስጡ። ከሥራ የተረፈ፣ ካረጀ ልብስ የተፈታ፣ አንዳንዱ ወደውት የገዙት። ቀይ፣ የንብ ማር የሚመስል ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ። ጋሽ ሜትር ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡና አምስት አምስት እያመሳሰሉ ይለዩ ጀመር። አርባ ካፖርት፣ ለእያንዳንዱ አምስት፣ ሁለት መቶ ቁልፍ። «ስትጸልይ የኖረችው ለዚያ አገር ነው። የእጇ ነገር ይሂድላት» አሉኝ ቀና ሳይሉ። ሁሉንም የተከልኩት እኔ ነኝ። ጣቴ እስኪያብጥ ድረስ።

ካፖርቶቹ ሲያልቁ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቀሉ። ያንን ያላደነቀ አልነበረም። ስለ ስፌቱ የተናገረ ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቁልፎቹ ነበር። እናቶች እየቀረቡ ይዳስሷቸዋል፣ «ይቺኛዋ የእማማ አይደለች? ቀሚሳቸው ላይ አውቃታለሁ» ይላሉ። ጋሽ ሜትር ከጎን ቆመው የሚዳስሰውን እጅ ሁሉ በዓይናቸው ይከተላሉ።

ዕቃውን የሚልኩት ጋሽ ንብረት ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ሃያ ዓመት ስለያዙ ንብረት ሆነው ቀሩ። ከአማቴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ ፀባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጋሽ ንብረት ቆጥረው የሚረከቡት ነገር የለም። «ወንድሜ፣ ካመጣኸው አመጣኸው ነው» ይሉና ይፈርማሉ። ሴት ልጃቸው ገበያ መግቢያው ላይ የክርና የቁልፍ ሱቅ አላት። ይቺን ሱቅ ያዙልኝ፤ ኋላ ነገር ታመጣለች።

ጋሽ ሜትር ካፖርቶቹን በካርቶን አልሰጡም። የብረት ሣጥን ገዙ፣ ከብረታ ብረት ሱቁ ጠንካራውን ጓጉንቸር አስመርጠው ቆለፉት፣ በክዳኑም ላይ በነጭ ቀለም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ይህን ጓጉንቸር የሰበረ በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቅበታል።» ጋሽ ንብረት አንብበው ሳቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትልከው ካፖርት ነው ወይስ የመንግሥት ምስጢር?»

«አንተ መላክህን ላክ። የቀረው የራሴ ጉዳይ ነው።»

ሣጥኑ ዕቃ ቤት አንድ ሳምንት ቆይቶ በመርከብ ሄደ። በዚያው ሰሞን አማቴ የራሳቸውን ኮት ገበር ፈትተው መልሰው ሲሰፉ አይቻቸዋለሁ። ተቀዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሦስት ወር አለፈ። ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ንብረት እሑድ ማለዳ በደስታ ወደ መድረኩ ወጡ። ከነርሷ አጭር መልእክት በስልካቸው ገብቷል። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፦ «ሣጥኑ በሰላም ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቁልፉ ግን አልደረሰንም።»

ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሰብኩት፤ ያበጠው ጣቴ ነውና። የእማማ ቁልፎች! ካፖርቱ ደርሶ ቁልፉ ካልደረሰ፣ አንድ ሰው ቆርጦ ወስዶታል ማለት ነው።

ጋሽ ሜትር ተነሡ።

«ቁልፍ እግር አውጥቶ ከልብስ ላይ አይወርድም። ሣጥኑ አንድ ሳምንት ሙሉ በማን እጅ ነበር? ጓጉንቸር የሚከፍት ምስማር ሞልቷል። እኔ ስም አልጠራም። ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ የቁልፍ ሱቅ ያለው ቤተሰብ ስንት ነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ስም አልጠራም ማለት ከመጥራት የባሰ ነው። ጓጉንቸር ፈልቅቆ፣ አርባ አዲስ ካፖርት ትቶ፣ ቁልፍ ብቻ ቆርጦ መልሶ የሚቆልፍ ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ሰው መጠርጠር ሲጀምር መጀመሪያ የሚጥለው ማሰብን ነው።

ጋሽ ንብረት አልተቆጡም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የዕቃ ቤቱን ቁልፎች ከነቀለበታቸው አወጡና መድረኩ ላይ አስቀመጡ። «እኔ ሃያ ዓመት ያመናችሁኝ መስሎኝ ነው የያዝኩት» አሉ። መጋቢው «ኧረ ተዉ፣ ኧረ አይሆንም» እያሉ ለመኗቸው። አልሰሙም፤ ወርደው በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁልፎቹን የሚያነሣ ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ ሜትር ሄደው አነሡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ገና ገና አይመስልም ነበር። አዳራሹ መግቢያ ላይ ለነርሷ ሥራ የሚሰጠው ስጦታ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አለ፤ ሌላ ጊዜ በዚህ ሰሞን ብርድ ልብስ፣ ደብተር፣ መድኃኒት ተቆልሎበት ጠረጴዛው ራሱ አይታይም። ዘንድሮ ባዶውን ቆመ። አንዷ ብርድ ልብስ ይዛ መጥታ፣ «አሁን የሚልከው ማነው?» ብላ ጠየቀችና ይዛው ተመለሰች። ለነርሷ ሊላክ የታሰበው የዘንድሮ የስጦታ ሣጥን ሳይሞላ ቀረ።

እኔ ደግሞ ሰላይ ሆንኩ። ያን ሱቅ ሳላየው እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክር የምገዛ መስዬ ሄድኩና በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ስቃኝ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ዙሪያው ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቁልፍ። የጋሽ ንብረት ልጅ ፈገግ ብላ፣ «ስንት ላድርግልሽ?» አለችኝ። ፈገግታዋን ጠረጠርኩት። አንዱን ገዝቼ በእጄ ጨብጬ ወደ ሱቃችን ሮጥኩ።

ጋሽ ሜትር በአውራ ጣታቸው ገለባበጡት። «አየሽ» አሉኝ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስቆ ነው ሣጥኑን የተረከበኝ።» ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ ግን ያን ቀን የቆረጡትን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥረው ቆረጡት። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

ገና አራት ቀን ሲቀረው ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ጋሽ ንብረት ገቡ። በእጃቸው የወረቀት ከረጢት ይዘዋል። ሰላም ሳይሉ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ቁልፍ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ።

«ሁለት መቶ ነው» አሉ። «ልጄን ከሱቋ አስመርጫት ነው። አልወሰድኩም፤ ግን ልጆቹ ደረታቸውን ከፍተው በብርድ አይቆሙም። እንላክላቸው።»

ጋሽ ሜትር ሰማያዊውን አንሥተው አጠገቡ እኔ የገዛሁትን አኖሩት። «ይህንንስ ልጅህ ከየት አመጣችው?»

«ከየት ታመጣዋለች? ከነበረበት ነዋ! ሱቁ የእናቷ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ይሸጣል። ባለቤትህ ያንን ቁልፍ ከየት የገዛች ይመስልሃል? እኔው ፊት ነው የገዛችው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ሜትር ግን ጭራሽ ፊታቸውን አጠቆሩ። ሜትራቸውን ይዘው ያፍተለትላሉ። «መላኩን እንልካለን» አሉ በመጨረሻ። «በመጀመሪያ ግን ነርሷ ራሷ በአፏ ትንገረኝ። ስንቱ እንደተቆረጠ፣ በመቀስ ይሁን በምላጭ።»

«ደውል አትለኝም!» አሉ ጋሽ ንብረት። ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ቁልፎቹ መሃል አስቀመጡትና ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። ብዙ ጠርቶ ተነሣ። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«እንደምን ነሽ ልጄ። ስለ ቁልፉ ነው የደወልነው። ልንልክልሽ ነው።»

«ተመስገን! ልጆቹ እንዴት ደስ ይላቸዋል!»

«ሁለት መቶውም ተሟልቷል።»

«ምኑ?»

«ቁልፉ ነዋ።»

«ጋሼ፣ መስመሩ ነው መሰለኝ አልሰማሁም። ሁለት መቶ ቁልፍ ለአንድ ሣጥን ምን ያደርግልኛል? ሣጥኑ ያለው አንድ ጓጉንቸር፤ አንድ ቁልፍ ይበቃናል እኮ።»

ሦስታችንም ስልኩን አየነው። ቁልፎቹን አየናቸው። የእኔ መርፌ ከእጄ ወደቀ።

«ሣጥኑ እስካሁን አልተከፈተም?» አሉ ጋሽ ንብረት።

«በምን ይከፈት? ቁልፉ በፖስታ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ወር ሆነን።»

«ታዲያ አትሰብሩትም ነበር?» ብዬ ጮህኩ እኔ።

«እንዴት አድርገን? ክዳኑ ላይ የተጻፈውንስ? አንድ ብረት ሠራተኛ ጠርቼ ነበር። ቃሉን ተርጉሜ ሳነብለት መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። እኔም ብሆን ደፍሬ አላደርገውም፤ አደራ አደራ ነው።»

ጋሽ ሜትር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልጆቹ ምን ለብሰው ነው ያሉት?»

«ያው ያላቸውን። ብርዱማ ገብቷል። ጠዋት ሲመጡ ጓጉንቸሩን ነቅነቅ አድርገው ያዩታል፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ።»

አማቴ ኮታቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ዘረጉት፣ የመቀሳቸውን ጫፍ ከገበሩ ስፌት ሥር አስገቡና ክሩን አንድ በአንድ መተሩት። እጃቸውን ከተው አንዲት ትንሽ ቁልፍ አወጡ። የጓጉንቸሩ ቁልፍ። ለካ ሣጥኑ መድረሱን በጆሯቸው ሳይሰሙ ቁልፉን ላለመላክ ወስነው፣ ማንም እንዳያገኘው ደረታቸው ላይ ሰፍተውት ኖሯል። ሣጥኑ መድረሱን ደግሞ ሰሙ። ግን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቁልፍ ሲባል የሰሙት ሌላውን ቁልፍ ነው፤ ሣጥኑ ተፈልቅቆ የተከፈተ ስለመሰላቸው ደረታቸው ላይ ያለው ትዝም አላላቸውም። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚሉት ሰውዬ ያቺን አንዲት ቃል ሳይለኩ ቆረጧት። በቁልፍ እንጀራ የምበላ እኔም አብሬያቸው ቆረጥኩ።

«ስበሩት» አሉ ጋሽ ሜትር።

«ጽሑፉስ ጋሼ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ልጠየቅበት። አሁኑኑ ስበሩት፣ ልጄ።»

ነርሷ ሄደች፤ ስልኩ ክፍት ነበር። አንድ ሰው ስትጠራ ሰማን፣ የብረት ድምፅ ሰማን። አንድ። ሁለት። ጓጉንቸሩ ጠንካራ ነበር፤ አስመርጠው የገዙት ነዋ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር አማቴ ትከሻቸውን ይሰበስባሉ። ዘጠኝ ጊዜ ተመታ። ከዚያ ክዳኑ ሲጮህ፣ ልጆቹም ሲጮኹ ተሰማ። በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ ግን ደስታ አስተርጓሚ አይፈልግም። ነርሷ እያለከለከች ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ጋሼ! እንዴት ያማሩ ናቸው! ቁልፎቹን እዩልኝ እስቲ! ይህን የመሰለ ቁልፍ ከየት አገኛችሁ?»

ጋሽ ሜትር በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እማማ ሲቀበሩ እንኳ በሰው ፊት አላለቀሱም ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ጋሽ ንብረት ዞሩ። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉ።

ጋሽ ንብረት ከጠረጴዛው ላይ የልጃቸውን ቁልፎች ወደ ከረጢቱ እየመለሱ ነበር። «እዚህ የሰማህ እኔና ምራትህ ነን» አሉ። «ያን ዕለት የሰማህ ስንት ሰው ነበር?» ከረጢቱን ይዘው ወጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የገና ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጋቢው ስለ ሰብአ ሰገል ሰበኩ። ጋሽ ንብረት በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው አልተነቃነቁም። ሰው ወደ መግቢያው ዞር እያለ ባዶውን ጠረጴዛ ያያል፣ እሳቸውንም ያያል። ስብከቱ ሲያልቅ አማቴ ሳይጠሩ ወደ መድረኩ ወጡ። ሜትሩ አንገታቸው ላይ የለም። ያለ እሱ አንገታቸው እንዴት ቀጭን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ሌባ አለ ብዬ ነበር» አሉ። «አለ። እኔ ነኝ። ሰብአ ሰገል ያን ያህል መንገድ ሄደው ሕፃኑ ፊት ሣጥናቸውን ከፈቱ። እኔ ሣጥኑን ልኬ ቁልፉን በጉያዬ ይዤ ቀረሁ። አርባ ልጅ በብርድ ያቆየሁት እኔ ነኝ። የቁልፍ ሱቅ ያለው ሰው ምንም አልወሰደም። እኔ ግን የሱን ስም ወሰድኩ።» የጓጉንቸሩን ቁልፍ ከፍ አድርገው አሳዩ።

ወርደው አዳራሹን በሙሉ አቋርጠው እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዱ። የዕቃ ቤቱን ቁልፎች ከነቀለበታቸው ዘረጉ። ጋሽ ንብረት ተቀበሏቸው። ኪሳቸው ይከቷቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ሃያ ዓመት ምንም ነገር ቆጥረው የማያውቁት ሰውዬ ቁልፎቹን በቀለበቱ ላይ አንድ በአንድ እያንሸራተቱ መቁጠር ጀመሩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ጋሽ ሜትር እጃቸውን ወደ ታች ጥለው፣ ልክ እንደሚለካ ሰው ቀጥ ብለው ቆመው አስቆጠሩ። ማፈራቸውን ከአንገታቸው አየሁት፤ እኔም አብሬ አፈርኩ።

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ንብረት። ቁልፎቹን ኪሳቸው ከተቱና ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉላቸው።